ባት ሲሸማቀቅ፦ ሙዝ ከመግዛታችሁ በፊት

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ነው። እግሬን ልዘረጋ ስል ባቴ ድንጋይ ሆነ። ጩኸቴ ባለቤቴን ቀሰቀሳት። መብራት አበራች፣ አየችኝ፣ "ሙዝ አትበላም፣ ለዛ ነው" አለችና ተመልሳ ተኛች።

ሙዝ የማያዝ ሰው የለም። ጂም ውስጥም፣ ኳስ ሜዳም፣ ቢሮም ክራምፕ (የጡንቻ መሸማቀቅ) ያዘኝ ካላችሁ ሙዝ ይታዘዝላችኋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም አለው፣ መጥፎ አይደለም። ከነልጣጩ የበሰለ ትልቅ ድንች ግን ይበልጠዋል። ደግሞም ብዙ ጊዜ ችግሩ ፖታሲየም አይደለም። ምን እንደጎደለ ከመገመት መቼ እንደያዛችሁና ከዚያ በፊት ምን ስትሠሩ እንደነበር ማስታወስ ይሻላል።

አሁን ይዟችሁ ከሆነ

ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጉና የእግር ጣቶቻችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። እጅ ካልደረሰ ነጠላ ወይም ፎጣ በውስጥ እግራችሁ አዙራችሁ በሁለት እጅ ጎትቱ። መቆም ከቻላችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ያመማችሁን እግር ወደ ኋላ አድርጉ፣ ተረከዙ ከመሬት አይነሳ። ግማሽ ደቂቃ ያዙት። ጡንቻው ሲሳብ ጅማቱ ላይ ያሉት ነርቮች እንዲለቅ ያደርጉታል። ለያዘ ክራምፕ ከዚህ የሚቀድም ክኒን የለም።

ሌሊት ብቻ የሚመጣ ከሆነ

ዕድሜ ሲገፋና በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለም ሰው ይይዘዋል። እኔ ያን ቀን ሰርግ ቤት ሳስተናግድ ነው የዋልኩት፣ ያውም በጠባብ ጫማ። ማታ ደግሞ ከብርድ ልብሱ በላይ ጋቢ ደረብኩ፤ ክብደቱ ጣቶቼን ወደ ታች ተጭኖ ባቴን አሳጥሮ አሳደረው።

ብዙ ሰው ለዚህ የማግኒዚየም ክኒን ይገዛል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲታዩ ግን ክኒኑ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። ከመተኛታችሁ በፊት ባታችሁን ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ሳቡት፣ የአልጋ ልብሱንም እግርጌ ላይ ላላ አድርጉት። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን የሚባለው መድኃኒት ድሮ ለዚህም ይታዘዝ ነበር። አሁን ግን በደምና በልብ ላይ በሚያመጣው ጉዳት የተነሳ ለክራምፕ አይመከርም፤ ቤት ውስጥ የተረፈ ካለ አትሞክሩት።

ላብ በላብ ከሆናችሁ በኋላ ከያዛችሁ

እዚህ ላይ ማዕድን እውነትም ጉዳይ ነው፤ ጉዳዩ ግን ጨው እንጂ ሙዝ አይደለም። ከሰው ሰው ቢለያይም 1 ሊትር ላብ ይዞት የሚሄደው ሶዲየም 1 ግራም ገደማ ይሆናል። ጥቁር ቲሸርታችሁ ሲደርቅ ነጭ መስመር የሚያወጣ ከሆነ ላባቸው ውስጥ ጨው ከሚበዛባቸው ሰዎች ናችሁ። ብዙ አልቦት ንጹህ ውሃ ብቻ የሚጋት ሰው የቀረውንም ጨው ያቀጥነዋል። ከዚያ ክራምፑ አንዴ ባት፣ አንዴ ጭን፣ አንዴ ሆድ እያለ ይዞራል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የሁቨር ግድብ ሲሠራ በበረሃው ሙቀት የሚለፉት ሠራተኞች የተሰቃዩት በዚሁ ነው። መፍትሄውም ከምግባቸው ጋር ጨው ማብዛት ሆነ። ዛሬ ዱባይም ሆነ ሪያድ ፀሐይ ላይ የሚውሉ ወገኖቻችንን የሚይዛቸው ይኸው ነው።

ከጤና ጣቢያም ከፋርማሲም የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ለዚህ ይሆናል። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጡት፣ አታወፍሩት፣ ቀስ እያላችሁ ጠጡት። ጨው ያለው ሾርባም ይሠራል። ተቅማጥና ትውከት ላመጣው መሸማቀቅም መነሻው ይኸው ነው። ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን በራሱ ጨው አይጨምር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ባት ብቻ ከያዘ ግን ጨውን ለቀቅ አድርጉት። የደከመ ጡንቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ኳስ የምንጫወት ሰዎች ይህን ብንጠላውም እውነቱ እሱ ነው፤ መድኃኒቱ በሳምንቱ መሐል መሮጥ ነው።

መድኃኒት ከጀመራችሁ ወዲህ ከሆነ

የጎረቤታችን እናት ለወራት ሙዝ ሲበሉ ከረሙ። አንድ ቀን የመድኃኒት ከረጢታቸውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ለደም ግፊት የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ፣ ለጨጓራ ለዓመታት ያልተለያቸው ኦሜፕራዞልም አለ። የመጀመሪያው ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን በሽንት ያስወጣል፤ ሽንት የሚያበዛው ላሲክስም እንዲሁ። ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ማግኒዚየምን ሊያወርድ ይችላል። ማግኒዚየም ከወረደ ደግሞ ኩላሊት ፖታሲየምን መያዝ ያቅተዋል፤ ሙዙ በአንድ በኩል ሲገባ በሌላ በኩል ይወጣል።

መፍትሄው መድኃኒቱን በራስ ማቆም አይደለም። ያዘዘው ሐኪም ጋ ከነከረጢቱ ሄዶ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ኩላሊት በደም ምርመራ እንዲታይ መጠየቅ ነው። የፖታሲየም ክኒን ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ግን አደገኛ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ኢናላፕሪል የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ከልክ ካለፈ ልቡ ሊቆም ይችላል።

ከንፈርና ጣት ከነዘረ

በአፍ ዙሪያና በጣት ጫፍ ላይ መደንዘዝ፣ ከዚያ እጅ ወደ ውስጥ መታጠፍ ሲመጣ ካልሲየም መውረዱን ጠርጥሩ። በተለይ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ላይ፤ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ትንንሽ ዕጢዎች ከእንቅርቱ ጀርባ ስላሉ ሊነኩ ይችላሉ። ይህ ወተት ጠጥተው የሚያድሩበት አይደለም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ያየዋል። እሱ አተነፋፈሱ ሲረጋ ይለቀዋል።

በደህናው ጊዜ በምግብ በኩል ብዙም አትጨነቁ። 100 ግራም ጤፍ ካልሲየሙም ማግኒዚየሙም እያንዳንዱ 180 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። እንጀራ በጎመንና በምስር የሚበላ ሰው ከውጭ በመጣ ብልቃጥ መቅናት የለበትም።

ክራምፕ የሚመስል ግን ያልሆነ

አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ካመመ እንዳታሹት፣ ወጌሻም እንዳይነካው። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ከተነቀለ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስትሄዱ ባታችሁን እየያዘ ቆም ስትሉ የሚለቅ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ የደም ሥር መጥበብ ነው፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨስና ስኳር ያለበት ሰው ላይ። ከከባድ ሥራ ወይም ስፖርት በኋላ ጡንቻው አብጦ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።