ዳኩ ሁሌ 48 ሲያሳያችሁ

ሦስት ቀን የበላኝ ነገር ስለሆነ ሌላ ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው። ከኮምፒውተሬ ጋር በዩኤስቢ የማገናኘው ዳክ (DAC፣ ዲጂታል ድምፅን ወደ አናሎግ የሚቀይር መሣሪያ) የሚገባለትን የናሙና መጠን፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ፣ ፊቱ ላይ በኪሎኸርዝ በትንሽ ቁጥር ያሳያል። ከሲዲ የገለበጥኩትን ባለ 44.1 ኪሎኸርዝ ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀንስ የታመቀ የሙዚቃ ፋይል) ስከፍት 48 ይላል። ሌላ ባለ 96 ኪሎኸርዝ ፋይልም ስከፍት ያው 48።

ገመድ ቀየርኩ። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ወይ ፍንክች! ከዚያ የዊንዶውስ ድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ 96 ላይ አደረግኩት። ቁጥሩ ሲቀየር ደስ አለኝ። ግን የሲዲውን ስከፍት እሱም 96 ሆነ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። የዊንዶውስ ሚክሰር የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ስለሚቀላቅል ሁሉንም ወደ አንድ መጠን ይለውጣል። ማጫወቻዬ ደግሞ እሱን ማለፊያ መንገድ አልነበረውም።

የሠራልኝ ፉባር2000 የሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ነው፤ በነፃ ይገኛል። ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ፕሌይባክ፣ ከዚያ አውትፑት ግቡ። ከዳኩ ስም ጋር ኤክስክሉሲቭ የሚል የተጻፈበትን ምረጡ፤ ሚክሰሩን አልፎ ዳኩን ለብቻው የሚይዘው እሱ ነው። ስህተት ካመጣባችሁ በዊንዶውስ የዳኩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና አድቫንስድ ውስጥ ፕሮግራሞች መሣሪያውን ለብቻቸው እንዲይዙ የሚፈቅደውን ሳጥን እዩ። የኔ ምልክት አልነበረበትም።

ዘፈኑን ስጫን ዳኩ ቀጭ አለና 44.1 አሳየ። ባለ 96ቱን ስከፍት 96። የድምፁ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው አልልም፤ ግን ፋይሉ ሳይነካ እንደሚደርስ ማወቁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህም የፉባርን ድምፅ ሙሉ አድርጌ ከፍ ዝቅ የማደርገው በአምፕሊፋየሩ ነው። ሙዚቃው እየተጫወተ የሌላ ፕሮግራም ድምፅ በዳኩ አይወጣም፣ እንዳትደነግጡ።