የነሐሴ ቲማቲም ቁሌት አይሻም፦ ከገበሬዎች ገበያ እንዴት መሸመትና ማብሰል እንደሚቻል

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለምንኖር ሐበሾች ነሐሴ ግራ የሚያጋባ ወር ነው። አገር ቤት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እዚህ ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል። ልጆቻችን «ክረምት» ስንላቸው በረዶ ነው የሚታያቸው። ግን ይህ ሙቀት የራሱ በረከት አለው። የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የፔንስልቬንያ ገበሬዎች ምርታቸውን ጭነው ቅዳሜና እሁድ ከተማ ይገባሉ። ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ በቆሎው፣ ፎሶሊያው፣ ኮኩ ሁሉም በአንዴ የሚደርሰው አሁን ነው። ደግሞ ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ጾሙ ነሐሴ 1 (ኦገስት 7) ይገባል፣ ነሐሴ 16 (ኦገስት 22) ይፈታል። ሥጋና ቅቤ በማንነካበት ሰሞን አትክልቱ የዓመቱን ምርጥ ሆኖ ይጠብቀናል።

ችግሩ ገዝተን ቤት ከገባን በኋላ ነው። ሽንኩርት ከትፈን፣ አቁላልተን፣ ቲማቲሙን ጨምረን እናንተከትከዋለን። ለጥር ቲማቲም ይህ ልክ ነው። እሱ እንደ ካርቶን ስለሆነ ሽንኩርቱና ዘይቱ ነው ነፍስ የሚዘሩበት። የነሐሴን ቲማቲም እንደዚያ ማድረግ ግን ግፍ ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት ስፈጽመው የኖርኩት ግፍ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

1. ዝርዝር ሳትይዙ ሂዱ

ሱፐርማርኬት ዝርዝር ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ፋርመርስ ማርኬት ግን ተቃራኒው ይሻላል። «ዛሬ እንዲህ ዓይነት ወጥ እሠራለሁ» ብላችሁ ከሄዳችሁ ለዚያ የሚሆን ነገር ፍለጋ ውድ ትገዛላችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን ደግሞ ታልፉታላችሁ። መጀመሪያ እጃችሁን ኪስ ከታችሁ ገበያውን አንድ ዙር ዙሩት። በሁሉም ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ የምታዩት ነገር ወቅቱ የደረሰ ነው፤ ዋጋውም የሚቀንሰው እሱ ነው። ምን እንደምትሠሩ ያኔ ወስኑ።

የት? የአሌክሳንድሪያው ኦልድ ታውን ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ይቆማል። ገበያው ከ1753 ጀምሮ አለ፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም ከማውንት ቨርነን እርሻው ምርት ይልክበት እንደነበር ይነገራል። ሲልቨር ስፕሪንግም ቅዳሜ ነው። ዱፖንት ሰርክልና ታኮማ ፓርክ እሁድ ናቸው፤ እሁድ ቅዳሴ ለሚሄድ ሰው ቅዳሜዎቹ ይመቹታል።

ጠንካራ ቦርሳ፣ ዝርዝር ብርና መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ኩለር ያዙ። ኢቢቲ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) ካርድ ያላችሁ ደግሞ የገበያውን መረጃ ድንኳን ጠይቁ። ብዙ ገበያዎች ይቀበላሉ፤ በካርዱ ባወጣችሁት ልክ የአትክልት መግዣ ኩፖን የሚጨምሩም አሉ። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስለማያውቁ «እዚያ የሀብታም ቦታ ነው» ብለው ይቀራሉ።

ዋጋ መከራከርስ? እዚህ እንደ መርካቶ «በስንት ይሆናል?» ብሎ ነገር የለም። ግን በፍጹም የለም ማለትም አይደለም። እናቴ ለጥየቃ የመጣች ጊዜ ገበያ ወሰድኳት። አንዲት ገበሬ ሴት ቲማቲሙን መዝና ስትጨርስ እናቴ ቦርሳውን እንደከፈተች ቆመች። አልዘጋችውም። «ምረቂልኝ በያት» አለችኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ደግማ ጎነተለችኝ። በመጨረሻ «እኛ አገር ሻጭ በላዩ ትንሽ ይጨምራል» ብዬ ተረጎምኩ። ሴትየዋ ሳቀችና ሁለት ቃሪያና አንድ ጎባጣ ቲማቲም ጣል አደረገችበት። እኔ ብቻዬን ስሄድ ይህን ለማለት ድፍረቱ የለኝም። የእኔ ዘዴ ሌላ ነው፤ ገበያው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው እሄዳለሁ። ያኔ ገበሬው ምርቱን መልሶ መጫን ስለማይፈልግ ራሱ ዋጋ ይቀንሳል። ምርጡ ተለቅሞ ያልቃል እንጂ ለዳጣና ለስልስ የሚሆን አይጠፋም።

2. አመራረጥ

ቲማቲም በዓይን አይገዛም፤ በአፍንጫ ነው። እንብርቱን፣ ከተክሉ የተቆረጠበትን ቦታ፣ ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉ። የተክሉ ሽታ ካልመጣላችሁ መልሱት። እጃችሁ ላይ ከመጠኑ በላይ መክበድ አለበት። አትጭመቁት፤ ሻጩ ይቆጣል፣ ልክም ነው። ትከሻው ላይ ያለ ስንጥቅ ደርቆ ከተዘጋ ምንም አይደለም፤ እርጥብ ከሆነ ግን ተዉት። ኤርሉም የሚባሉት ሐምራዊውና ባለ መስመሩ መልካቸው ያስጠላል፤ ጥሬውን ለመብላት ግን እነሱን የሚያህል የለም። ሮማ የሚባለው ሞላላው ሥጋው ብዙ፣ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ለድስት ነው። ስትገዙ ሁሉንም የበሰለ አትውሰዱ። የዛሬ፣ የማክሰኞና የሐሙስ አድርጋችሁ ከፋፍሉት።

በቆሎ ላይ ሐበሻ ሁሉ አንዴ ይሸወዳል። ከሰል አያይዞ የአገሩን እሸት ጠብቆ ይጠብሳል፤ ሲነክሰው ጣፋጭ ውሃ። ምክንያቱም ስዊት ኮርን ስኳሩ ቶሎ ወደ ስታርች የማይለወጥ ሌላ ዝርያ ነው። እኛ መንገድ ዳር የምንገዛው እሸት ደግሞ ስታርቹ ስለሚበዛ ነው እሳት ላይ ጠንክሮ ጥርስ የሚይዘው። ስለዚህ ለጥብስ ስትገዙ «ወፈር ያለ፣ ከደረሰ የቆየ ስጡኝ» በሉ። ሻጩ ግር ይለዋል፤ ሌላው ሰው የሚፈልገው ለጋውን ነውና። አገር ቤት ያለው ባይሆንም ይቀርበዋል። ለመቀቀል ከሆነ ግን ለጋውን፣ በጠዋት፣ ለዚያው ቀን ግዙ። ቅርፊቱን ገልጣችሁ አትዩ፤ የገለጣችሁትን ማንም አይገዛውም። ከላይ በጣታችሁ ዳሱ፣ ፍሬው እስከ ጫፍ ከሞላ ይታወቃችኋል። ጸጉሩ ጫፉ ላይ ቡናማና ትንሽ የሚያጣብቅ ይሁን። የደረቀና የጠቆረ ከሆነ ቆይቷል።

ቃሪያ፦ ለስንግ ትልልቁን ሃላፒንዮ ውሰዱ። በነሐሴ መጨረሻ እዚያው ተክሉ ላይ የቀላም ይመጣል፤ እሱ ጣፈጥ ይላል፣ ለዳጣ ግሩም ነው። ፎሶሊያ ስትሰብሩት ቀጭ ይበል። ባሚያ ከጣት አይርዘም። ኮክ በሽታው ይመረጣል። ጎመንን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው፤ ጥቅምትን ጠብቁ። ኮላርድ ብርድ ሲነካው ይጣፍጣል፤ በሙቀቱ ጊዜ ጠንካራና መረር ያለ ነው። የግድ ካማራችሁ ትንንሽ ቅጠሉን ለቅማችሁ ግዙ።

3. ቤት ስትገቡ

ቲማቲም ፍሪጅ አይግባ። ቅዝቃዜው ሽታና ጣዕሙን ይገድለዋል። እንብርቱን ወደ ታች ደፍታችሁ ሳይነባበር ትሪ ላይ ደርድሩት። በቆሎው ከነቅርፊቱ ወዲያው ፍሪጅ ይግባ። ቃሪያና ፎሶሊያ ሳይታጠቡ በወረቀት ተጠቅልለው ፍሪጅ ይቀመጡ፤ እርጥብ ከገቡ ይበሰብሳሉ። ኮኩ ካልበሰለ ውጭ ይቆይ።

4. አሠራር

*ቲማቲም ፍትፍት ለሁለት ሰው።* ግማሽ ኪሎ የሚሆን የበሰለ ቲማቲም በትንንሹ ክተፉና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨው ነስንሱበት። 15 ደቂቃ ተዉት። ተመልሳችሁ ስታዩ ሳህኑ ሥር ሮዝ ውሃ ተጠራቅሟል። ምግቡ ያለው እዚያ ነው፤ እንዳትደፉት። ግማሽ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ ክተፉበት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ በጣት ቆንጠር ያለ በርበሬ ጨምሩ። አንድ የትናንት እንጀራ ቆራርሳችሁ አዋህዱት። የዛሬው ለስላሳ ስለሆነ ውሃውን ሲጠጣ ይላቁጣል፤ የትናንቱ ግን ይቋቋማል። ሠርታችሁ አታስቀምጡ፣ ወዲያው ብሉት። ሳህኑ ሥር የቀረችውን ውሃ እኛ ቤት የሚጣሉባት ሰዎች አሉ።

*በቆሎ ጥብስ።* ቅርፊቱን ወደ ኋላ ገልጣችሁ እንደ እጀታ ያዙት። መካከለኛ ከሰል ላይ እያገላበጣችሁ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጥበሱ። ግሪል የሌለው ኦቨኑን ብሮይል ላይ አድርጎ መጥበስ ይችላል፤ የሚቃጠለውን ቅርፊት ግን ጨርሶ ያውጣው። ፍሬው እዚህም እዚያም ጠቆር ሲልና ጷ ማለት ሲጀምር ደርሷል። ቅቤ አያስፈልገውም። የተረፈውን ከቆረቆንዳው ፈልፍላችሁ በነጋታው ከሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከእርድ ጋር ለአምስት ደቂቃ ጠበስ አድርጉት፤ ለጾም ምሳ ይበቃል።

*ፎሶሊያ።* የተለመደውን በካሮት ሥሩ፣ ግን ጊዜውን በግማሽ ቀንሱት። ሽንኩርቱ ለስልሶ ካሮቱ ትንሽ ከበሰለ በኋላ ፎሶሊያውን ጨምራችሁ፣ ጠብታ ውሃ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ አውጡት። አክስቶቻችን «ጥሬ ነው» ይላሉ። ይበሉ።

*ዳጣ።* ግማሽ ኪሎ ቀይና አረንጓዴ ቃሪያ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ በሶብላ፣ ጨው፣ ጥቂት ኮረሪማ። በሶብላ ከጠፋ ገበያው ላይ የታይ ባዚል የሚባለው አለ፤ ከጣሊያኖቹ ባዚል ይልቅ ለሽታው እሱ ይቀርባል። ብሌንደር ውስጥ ውሃ ሳትጨምሩ፣ እያቆማችሁ እያስነሳችሁ ፍጩት። እንዳይልም፤ ሻካራ ሲሆን ነው የሚጥመው። መስኮት ክፈቱ፣ ፊታችሁን ብሌንደሩ ላይ አትድፉ። ነጭ ሽንኩርት ያለበት ነገር ከዘይት ጋር ውጭ መቀመጥ የለበትም፤ አደገኛ ነው። የሳምንቱን ፍሪጅ፣ ቀሪውን በበረዶ ማውጫው ትሪ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። በየካቲት አንድ ኩብ ሽሮ ላይ ጣል ስታደርጉ ቤቱ ያውቃል።

5. ብዙ ከገዛችሁ

ገበሬዎቹ «ሰከንድስ» የሚሉት የተጎዳ፣ ቆዳው የተላጠ፣ መልኩ ያላማረ ቲማቲም በሳጥን በርካሽ ይሸጣል። አንድ ዓመት ቅዳሜ ጠዋት 25 ፓውንድ ገዛሁ፣ ኩሽና ወለል ላይ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ ሰርግ ነበረብኝ። እሁድ መልስ። ሰኞ ማታ ሳጥኑን ሳነሳው ሥሩ ረጥቦ ተቀደደ፤ ወለሉ ቲማቲም፣ ኩሽናው ዝንብ። ግማሹን ጣልኩት። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰከንድስ የገዛችሁ ቀን ሰርግ አትሂዱ።

ማስቀመጡ ግን ቀላል ነው። መቀቀልም መላጥም የለም። አጥባችሁ፣ የተበላሸውን ቦታ ቆርጣችሁ አውጡና ሙሉውን በዚፕ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። በጥር ስታወጡት ለብ ያለ ውሃ ሥር ያዙት፤ ቆዳው በራሱ ሸርተት ብሎ ይወልቃል። ያኔ ሽንኩርታችሁን አቁላሉ፣ በርበሬውን ጨምሩ፣ እስክትጠግቡ አንተክትኩት። ቁሌት ጊዜው ያኔ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ደግሞ አበባ አትርሱ። እዚህ ሴፕቴምበር 11 ላይ አደይ አይገኝም፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን የአበባ ሻጮቹ ባልዲ ውስጥ ብላክ አይድ ሱዛን የምትባል ቢጫ አበባ አትጠፋም። የሜሪላንድ አበባ ናት፤ ግዛቱ በ1918 ነው የራሱ ያደረጋት። እናቴ ከቲማቲሙ ሴትዮ ምርቃቷን ተቀብላ ስትዞር አየቻትና ቀጥ ብላ ቆመች። አንዷን ዘንግ አወጣች፣ አገላበጠቻት። «መሐሏን ምን ነክቷት ነው የጠቆረው?» አለች። ሁለት እስር ገዛን።