ፈላጊያችሁ የት ሆኖ ነው የሚፈልገው? የጎግል ማስታወቂያ ለሀዋሳ ነጋዴዎች

ጎግል ላይ ማስታወቂያ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ እናንተን የሚፈልገው ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲጽፍ የት ሆኖ ነው? መናኸሪያ አካባቢ የሞባይል ስክሪን የሚቀይር ባለሙያ ደንበኛው እዚሁ ሀዋሳ ነው፤ ስልኩ ተሰብሮበት ዛሬውኑ ይፈልጋል። ሐይቁ አጠገብ ያለ እንግዳ ማረፊያ ግን ደንበኛው አዲስ አበባ ነው፤ ቦሌ ወይም ሳሪስ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ስለ ቅዳሜና እሁድ ያስባል። የሲዳማ ቡና ለሚልክ ድርጅት ደግሞ ገዢው ባሕር ማዶ ነው፤ በአማርኛ ጨርሶ አይጽፍም። ሦስቱም የሀዋሳ ንግዶች ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ቃል፣ ቋንቋ፣ ሰዓትና በጀት ግን ለየቅል ነው። ሳይለዩ የሚጀምሩ ነጋዴዎች ሲከስሩ ማየት ያንገበግበኛል፤ ገንዘቡ የሚቆረጠው በዶላር ነውና።

እኔ ለዓመታት በአንድ እንግዳ ማረፊያ ሪሴፕሽን ላይ ስልክ ሳነሳ ነው የቆየሁት። አሁን የከተማችንን ንግዶች ጎግል ላይ የማስተዋወቅ ሥራ እሠራለሁ። ስለዚህ ምሳሌዬን ከማረፊያ እወስዳለሁ፤ ሌላ ንግድ ያላችሁ ወደ ራሳችሁ እያዞራችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ነጻው

ጎግል ማፕ ላይ የንግዳችሁን ገጽ ማስመዝገብ አይከፈልበትም። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ይባላል፤ እስከ 2021 (በፈረንጅ አቆጣጠር) መጨረሻ ድረስ ጎግል ማይ ቢዝነስ ይባል የነበረው ነው። ይህ ሳይስተካከል ማስታወቂያ መክፈት ሱቁን ሳይከፍቱ ደንበኛ መጥራት ነው።

ገጹን ስትከፍቱ ጎግል ባለቤትነታችሁን እንድታረጋግጡ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ ይቀረጽ። ከመንገዱ ጀምሩ፣ በአካባቢው የሚታወቅ ሕንፃ አሳዩ፣ ታፔላችሁን አሳዩ፣ ከዚያ በሩን በራሳችሁ ቁልፍ ከፍታችሁ ግቡ። ታፔላ ከሌላችሁ መጀመሪያ ታፔላ አሠሩ። ስማችሁ ታፔላው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ «ርካሽና ምርጥ ሆቴል በሀዋሳ» የሚል ቅጥያ መጨመር በጎግል ደንብ የተከለከለ ነው፤ ገጹንም ሊያሳግድ ይችላል።

ፒኑን፣ ማለትም ካርታው ላይ ቦታችሁን የሚያሳየውን ምልክት፣ በጥንቃቄ አስቀምጡ። እዚህ አገር አድራሻ የምንሰጠው «ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ሲኬድ» እያልን ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ የሚተማመነው በፒኑ ብቻ ነው። ወደ ሳተላይት ዕይታ ቀይሩና ፒኑን በትክክል በግቢው በር ላይ አድርጉት፤ ጣሪያው መሃል አይሁን። ከዚያ አንድ የባጃጅ ሹፌር ስልኩን ብቻ እያየ እንዲያደርሳችሁ ጠይቁት። በኋላ በር ካደረሰ አስተካክሉ።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎግል የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚከፍት ሱቅ 8:00 ኤኤም ብሎ መሙላት አለበት። ዝም ብሎ 2:00 ኤኤም የሞላ ሱቅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ክፍት ነው ተብሎ ይታያል፤ ቀትር ላይ የሚፈልገው ሰው ደግሞ «ዝግ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያነባል። ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ ልዩ የሥራ ሰዓት መሙያ ቦታ አለ፤ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀይራችሁ ሙሉት።

አስተያየት እንዲጽፉላችሁ እንግዶችን ጠይቁ፤ ግን በገንዘብም በቅናሽም አትግዙ፤ ክልክል ነው። ቅሬታ ሲጻፍባችሁ በአክብሮት መልሱ። መልሱን የሚያነበው ቅሬታ አቅራቢው ብቻ አይደለም፤ ነገ ክፍል ሊይዝ የሚያመነታው ሰው ያነበዋል።

ቃሉ ከየት ይመጣል

ኪወርድ ማለት ሰው ጎግል ላይ ሲጽፈው ማስታወቂያችሁ እንዲወጣ የምትፈልጉት ቃል ነው። ብዙዎች ቁጭ ብለው ከራሳቸው ያፈልቃሉ። እኔ ከስልክ ነው የምወስደው። አዲስ ደንበኛ ስይዝ መጀመሪያ የማደርገው ሪሴፕሽኑ ላይ ደብተር ማስቀመጥ ነው፤ የሚደውል ሰው የሚጠይቀው ሁሉ በራሱ አነጋገር ይጻፋል። «ከሐይቁ ስንት ይርቃል?»፣ «መኪና ማቆሚያ አለው?»፣ «ለቤተሰብ የሚሆን ክፍል አላችሁ?»፣ «ሙቅ ውሃ አይጠፋም?»፣ «ለምርቃት መጥተን ነበር፣ ዩኒቨርሲቲው ጋ ቅርብ ናችሁ?» ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብተሩ ኪወርዱንም የማስታወቂያውን ጽሑፍም ይሰጣችኋል።

አንዲት ባለ ማረፊያ እናት ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ስልኩን እኮ የማነሳው እኔ ነኝ፣ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እየጻፍኩ ጠረጴዛቸው ላይ ጨረስነው። «የእናቶች ማኅበር ተሰብስቦ ሲመጣ» የሚለውን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነግረኝም ነበር፤ ለቡድን እንግዶች ለብቻው ማስታወቂያ የሠራነው ከዚያ ተነስተን ነው።

ቃሉን ስታስገቡ የአጻጻፉን ነገር አትናቁ። አንዱ ሀዋሳ ይላል፣ ሌላው ሐዋሳ፣ ሌላው አዋሳ፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ከነኤቹና ያለኤቹ፣ በአንድ ኤስና በሁለት ኤስ ይጽፋል። ጎግል ተቀራራቢ ቃላትን ራሱ ለማዛመድ ይሞክራል፤ ለአማርኛ ግን እኔ በሱ አልተማመንም፣ ሁሉንም አስገባለሁ። የቋንቋ ምርጫ ካሳያችሁም «ሁሉም ቋንቋዎች» ላይ አድርጉት፤ በአማርኛ የሚፈልገው ሰው ስልኩ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተስተካከለ ነው።

ሦስት የማዛመጃ ዓይነት አለ። ብሮድ የሚባለው ቃላችሁን ከሩቅ ከሚመስለው ጋር ሁሉ ያገናኛል፤ በትንሽ በጀት አትንኩት። ፍሬዝ ቃሉን በእንግሊዝኛው ትምህርተ ጥቅስ (" ") ውስጥ፣ ኢግዛክት ደግሞ በማዕዘን ቅንፍ ([ ]) ውስጥ ስታስገቡት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጀምሩ።

ካምፔይኑን (የማስታወቂያ ዘመቻውን) መክፈት

ማስታወቂያው የሚከፈትበት ጎግል አድስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ ያለ ነው፤ እስከ 2018 አድወርድስ ነበር ስሙ። ለመክፈል ዓለም አቀፍ ክፍያ የተፈቀደለት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያስፈልጋል፤ ባንካችሁን ስለ ውጭ ምንዛሬ ካርድ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። አካውንቱን ስትከፍቱ የምትመርጡት ገንዘብ በኋላ አይቀየርም፤ ተረጋግታችሁ ምረጡ። ጎግል የአስተዋዋቂውን ማንነት ስለሚያጣራ የንግድ ፈቃዳችሁንና መታወቂያችሁን አዘጋጁ፤ ስሙ ከካርዱ ጋር ቢመሳሰል ጣጣው ይቀንሳል።

ጎግል በአቋራጭ ሊያስጀምራችሁ ይሞክራል፤ እናንተ ግን ሙሉውን ምርጫ የሚያሳየውን ኤክስፐርት ሞድ ግቡና ሰርች የሚለውን ካምፔይን ምረጡ። እዚያ ውስጥ «ዲስፕሌይ ኔትወርክ» እና «ሰርች ፓርትነርስ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አብዛኛውን ጊዜ ተመርጠው ይጠብቋችኋል። ሁለቱንም አጥፉ። የመጀመሪያው ማስታወቂያችሁን ጨዋታ በሚጫወት ልጅ ስልክ ላይ ያወጣዋል፤ የልጁ ጣት ክፍል አይዝላችሁም።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ። ቦታ የሚለውን ስትሞሉ ማረፊያ ያላችሁ አዲስ አበባን ምረጡ፤ እንደየአቅማችሁ አዳማንና ሻሸመኔን ጨምሩ። ስክሪን የምትቀይሩት ሀዋሳን ብቻ፣ ወይም ከሱቃችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዙሪያ። ከሥሩ የተደበቀ አንድ ምርጫ አለ፦ ጎግል በነባሪነት «በቦታው ያሉ ወይም ቦታው የሚያሳስባቸው» ሰዎችን ይወስዳል። ስክሪን ቀያሪው ይህን «በቦታው ያሉ» ወደሚለው ይቀይረው፤ አለዚያ ስለ ሀዋሳ የሚያነብ ዋሽንግተን ያለ ሰው ጭምር ማስታወቂያውን ያያል። ቡና ላኪው በፊናው የገዢውን አገር ይመርጣል፤ ጠቅላላውን ዓለም አይምረጥ።

በጀት የሚሞላው በቀን ነው። 3 ዶላር ብትሉ ጎግል በአንዱ ቀን እስከ 6 ዶላር ሊወስድ ይችላል፤ በወር ግን ከ30.4 ቀን ሂሳብ፣ ማለትም ከ91.2 ዶላር አያልፍም። አንድ ቀን እጥፍ ቢቆረጥ አትደንግጡ። የምትከፍሉት ሰው ማስታወቂያውን ሲነካ እንጂ ሲያየው አይደለም። ብዙ የሚከፍል ሁልጊዜ ከላይ ይወጣል ማለትም አይደለም፤ ጎግል ጽሑፉ ከተፈለገው ነገር ጋር መስማማቱን፣ ሰው ሊነካው መቻሉንና የሚያደርሰውን ገጽ ጥራት ይመዝናል። ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው ነጥብ አለ፤ ነጥቡ ሲሻሻል በአነስተኛ ገንዘብ ትልቅ ሆቴል አጠገብ መውጣት ይቻላል። እኔ ይህን ሥራ የወደድኩት ለዚህ ነው፤ የእትዬ ማረፊያ ከባለ አምስት ፎቁ ሆቴል እኩል የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ጽሑፉ

እስከ 15 ርዕስ፣ እያንዳንዱ እስከ 30 ቁምፊ፤ እስከ 4 መግለጫ፣ እያንዳንዱ እስከ 90 ቁምፊ ታስገባላችሁ። ጎግል እያቀያየረ ያወጣዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ትርጉም ይስጥ። «ምርጥ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው» አትበሉ፤ ሁሉም ይለዋል። ደብተራችሁን ክፈቱና መልሱን ጻፉ፦ «ከሐይቁ በእግር 5 ደቂቃ»፣ «ግቢ ውስጥ መኪና ማቆሚያ»፣ «ሙቅ ውሃና ጄኔሬተር አለን»፣ «በቴሌብር ክፍል ይያዙ»። ሐይቁ በባጃጅ የሚኬድ ከሆነ «ሐይቅ ዳር» አትበሉ፤ አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው፤ እንግዳውም በር ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ሲነካ የሚደርስበት ገጽ ያስፈልጋችኋል። ጎግል በነጻ ይሰጥ የነበረው ትንሽ ድረ ገጽ በ2016 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ስለዚህ የራሳችሁን አንድ ገጽ አሠሩ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ዋጋ፣ የክፍሉ ትክክለኛ ፎቶ፣ ሲነካ የሚደውል ስልክ ቁጥር ከ+251 ጋር፣ ቴሌግራም፣ ካርታ። ፎቶዎቹን አሳንሱ፤ በተዳከመ ኔትወርክ ካልከፈተ የከፈላችሁበት ክሊክ ባከነ። ዋጋ መደበቅ የሚወዱ ባለቤቶች አሉ። እኔ አጥብቄ እከራከራቸዋለሁ፤ ዋጋውን አይቶ የሚደውል ሰው ለመያዝ የቆረጠ ሰው ነው።

ከተከፈተ በኋላ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ይተወዋል። በየሳምንቱ ሰርች ተርምስ የሚለውን ዝርዝር ክፈቱ። ኪወርዱ እናንተ የመረጣችሁት ነው፤ እዚያ ያለው ግን ሰው ራሱ የጻፈው ነው። ለአንድ ማረፊያ መጀመሪያ ሲከፈት እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦ «ሀዋሳ ሆቴል ክፍት የሥራ ቦታ»፣ «የሚሸጥ ሆቴል ሀዋሳ»፣ «ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዶርም»፣ «የአስተናጋጅ ደመወዝ»። እነዚህ ሁሉ ሲነኩ ይከፈልባቸዋል፤ አንዳቸውም አያድሩም። «ክፍት የሥራ ቦታ»፣ «የሚሸጥ»፣ «ዶርም»፣ «ደመወዝ» የሚሉትን ኔጌቲቭ ኪወርድ ውስጥ፣ ማለትም ማስታወቂያው እንዳይወጣባቸው በምትከለክሏቸው ቃላት ዝርዝር ውስጥ፣ አስገቡ፤ እነሱም በየአጻጻፋቸው፣ «ሥራ»ም «ስራ»ም። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ዝርዝሩ ይበዛል፣ ከዚያ ይቀላል።

ሰዓቱንም መርሐ ግብር አውጡለት። ስልክ የሚያነሳ ሰው በሌለበት ሰዓት ማስታወቂያ ይጥፋ። እኔ በማረፊያ ሥራ ላይ ሐሙስና ዓርብ በጀቱን ከፍ አደርጋለሁ፤ የአዲስ አበባ ሰው ጉዞውን የሚወስነው ያኔ ነው። ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል ግን አሠራሬ ሌላ ነው፤ ከተማው በምዕመናን ስለሚሞላ አስቀድሜ ከፍቼ፣ ክፍሉ ሲያልቅ ወዲያው አቆማለሁ። ሞልቶ ሳለ ማስታወቂያውን የሚያስኬድ ሰው «ክፍል የለም» ለማለት ነው የሚከፍለው።

የሚደውል ሁሉ «የት አገኙን?» ተብሎ ይጠየቅና ደብተሩ ላይ ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ በማስታወቂያው የመጡትን አዳሪዎች ቁጠሩ፣ ከእነሱ የተገኘውን ትርፍ አስቡ፣ የከፈላችሁትን ዶላር በዕለቱ ምንዛሬ ወደ ብር ቀይራችሁ አነጻጽሩ። ትርፉ ከወጪው ካነሰ በጀት ከመጨመር በፊት ኪወርዱንና ገጹን ፈትሹ።

ስለ ቲክቶክና ቴሌግራም ይጠይቁኛል። ተጠቀሙባቸው፤ የአሞራ ገደልን ዓሣ አይቶ ሀዋሳ ሊሄድ የሚመኝ ሰው እዚያ ነው የሚገኘው። ተመኝቶ ሲጨርስ ግን ጎግል ላይ ገብቶ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ያኔ መገኘት ነው።

ሥራውን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት። ለባለሙያው የይለፍ ቃል ሳይሆን መግቢያ ፈቃድ ስጡት፤ ስትለያዩ ፈቃዱን ታነሳላችሁ፣ ታሪኩና ዝርዝሩ ሁሉ እናንተ ጋ ይቀራል። ውሉ ላይ የእሱ ክፍያና ጎግል የሚወስደው ገንዘብ ተለይተው ይጻፉ፤ በየወሩም የሰርች ተርምስ ዝርዝሩንና የጎግልን የክፍያ ሰነድ እንዲያስረክባችሁ አስገቡበት።