ብረታ ብረት ቤት ለከፈታችሁ፦ እኔ የከፈልኩባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ዋናው መንገድ ላይ ጠዋት ብትቆሙ የግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማችኋል። ኮንዶሚኒየም ሲሰጥ ቤቱ አላለቀም። ሴራሚኩንም የመስኮት ፍርግርጉንም ባለቤቱ ነው የሚያሠራው። ስለዚህ የብየዳ ማሽን ያለው ልጅ ሁሉ ሱቅ ይከፍታል። እኔም እንደዚያው ጀመርኩ። ሥራ ሞልቶ ገንዘብ ያጣሁበት ጊዜ ነበር፤ ምክንያቱ የገባኝም ቆይቶ ነው። እናንተ ቶሎ እንዲገባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ትልቁ ስህተት ቀብድ ተቀብሎ ብረት ሳይገዙ ማደር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እኔ በዚያ ሰሞን ሦስት በር ተዋውዬ፣ ለእያንዳንዱ 5,000 ብር ቀብድ ተቀብዬ ነበር። በቀብዱ የሱቅ ኪራይ ከፈልኩበት። ላሜራና ቱቦላሬ (ዝርግ ብረትና ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ዘንግ) ልገዛ መርካቶ ስሄድ የተነገረኝ ዋጋ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ሦስቱንም በር ከኪሴ ጨምሬ አስረከብኩ።

ከዚያ ወዲህ ቀብዱ ቢያንስ የብረቱን ወጪ መሸፈን አለበት። ብረቱ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ይገዛል። ውሉ ላይም «ዋጋው የሚጸናው ለ3 ቀን ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ደንበኛ ያኮርፋል ብላችሁ አትፍሩ። በግልጽ ከተነገረው አብዛኛው ሰው ይገባዋል።

ዋጋ ስታወጡም የገዛችሁበትን ሳይሆን ተመልሳችሁ የምትገዙበትን አስቡ። በእጃችሁ ያለውን ብረት በድሮ ዋጋ ሸጣችሁ፣ በገንዘቡ ያንኑ ያህል መግዛት ካቃታችሁ ከስራችኋል። የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ የግራይንደር ዲስክ፣ ቀለም፣ የመኪና ኪራይ፣ የረዳት ምሳም አለ። አንድ ቀን ለአንድ በር ያወጣሁትን ሁሉ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ዲስክ ብቻ አራት በልቷል። ዋጋው ውስጥ ያስገባሁት አንድ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የሱቁንና የቤቱን ኪስ አንድ ማድረግ ነው። ጠዋት ደንበኛ በቴሌብር ይልካል። ከሰዓት ከዚያው ላይ ዘይትና ሽንኩርት ይገዛል። ማታ እቁብ ይጣላል። ወሩ ሲያልቅ ምን ምኑን እንደበላው አይታወቅም። ለሱቁ ለብቻው ሒሳብ ክፈቱለት። ለራሳችሁም ደመወዝ ቁረጡ፤ ለበያጃችሁ የምትከፍሉትን ያህል እንኳ ይሁን። ይህን ያስጀመረችኝ ባለቤቴ ናት። ደብተሩን መሃል ለመሃል አስምራ በግራ «ሱቅ»፣ በቀኝ «ቤት» ብላ ጻፈች። በመጀመሪያው ወር የቤቱ ዓምድ ገጹን ጨርሶ ወደ ጀርባው ዞረ። ደንግጬ ዝም አልኩ። እቁቡን አላቆምንም፤ ማሽን መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለመሰብሰብ ከእቁብ የተሻለ አላየሁም። ግን ዕጣው ለቤት ከሆነ ከደመወዜ ይከፈላል።

ዱቤ ላይ ብዙ አልልም። የተገጠመ በር ተመልሶ አይነቀልም። ቀሪው ክፍያ ከመገጠሙ በፊት ይጠናቀቅ።

ሌላው ስህተት፣ የሥራ ሞቅታን ቋሚ ገበያ አድርጎ መቁጠር ነው። አዳዲስ ብሎኮች ሲተላለፉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያሠራል። ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ በር አንዴ ከገባ በየዓመቱ አይቀየርም። በሞቅታው ሰሞን ሁለተኛ ሱቅ ተከራይተው ዓመት ሳይሞላቸው ቁልፍ የመለሱ ጎረቤቶች አሉኝ። ጎበዝ ሠራተኞች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝኑኛል። ከመስፋፋታችሁ በፊት ሞቅታው ሲያልፍ የምትሠሩትን ወስኑ፦ የሱቅ መደርደሪያ፣ አልጋ፣ ጥገና። እኔን ያቆየኝ የውሃ ታንከር ማቆሚያ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፈላጊ አያጣም።

ቦታ ስትከራዩ ቆጣሪውን ሳታዩ አትፈርሙ። ከበድ ያለ ማሽን ልታስገቡ አስባችሁ ቤቱ ሲንግል ፌዝ (እንደ መኖሪያ ቤት በአንድ መስመር ብቻ ኃይል የሚገባለት) ከሆነ ችግር ነው። ቦታው የየትኛው አስተዳደር እንደሆነም ጠይቁ። ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ ነው። ትንሽ አለፍ ብላችሁ ኮዬ ፈጬ ስትደርሱ በኦሮሚያ ሥር ያለው ሸገር ከተማ ገብታችኋል። ፈቃድና ግብር የምትጨርሱበት ቢሮ ይለያያል።

ንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል። ብዙዎቻችን ግን የመጨረሻውን ሳምንት እንጠብቃለን። ግብራችሁን ከፍላችሁ፣ ክሊራንስ (ግብር እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ማስረጃ) ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ሥራውን ካቆማችሁ ደግሞ ፈቃዱን በአካል ሄዳችሁ መልሱ። መሳቢያ ውስጥ ከተዋችሁት መንግሥት እየሠራችሁ እንደሆነ ነው የሚቆጥረው፤ ግብሩም ይከተላችኋል።