የጎብኚን ጥፋት በማኅበራዊ ሚዲያ መከታተል፦ ከአቡነ ዮሴፍ እስከ ቦረና ሳይንት

በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በደቡብ ወሎው ቦረና ሳይንት ፓርክ ጎብኚዎች ያጠፉትን የሚያሳዩ ልጥፎችን ፍለጋ በየሳምንቱ፣ ከገናና ከጥምቀት በኋላ ግን በየቀኑ ያድርጉ፤ ላሊበላ የመጣ እንግዳ አቡነ ዮሴፍ ተራራም ይወጣልና። በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም የቦታውን ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም፣ በተለያየ አጻጻፍ ይፈልጉ። «ላሊበላ» ወይም «ደሴ» የሚል የቦታ ምልክት ያለውንም አይለፉት፤ ደጋው ላይ ኔትወርክ ስለሚደክም ብዙ ሰው የሚለጥፈው ከተማ ሲገባ ነው።

ለጭላዳ ዝንጀሮ ምግብ መወርወር (ከለመደ ገብስ ማሳ ይወርዳል)፣ ጓሳ ሣርና አስታ ቁጥቋጦ መሃል እሳት ማንደድ፣ ውሻ ይዞ መግባት ዋናዎቹ ጥፋቶች ናቸው። ከሁሉም የሚያሳስበው ውሻው ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ የሚተላለፈው ከእሱ ነው።

ጥፋት እንዳዩ ሳይሰረዝ ስክሪንሾት ያንሱ። ሊንኩን፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ድርጊቱን በአንድ ሰንጠረዥ ይመዝግቡ። የተለጠፈበት ቀን ድርጊቱ የተፈጸመበት ላይሆን ይችላል፤ መስኩ ላይ አደይ አበባ ከታየ ምስሉ የመስከረም ገደማ ነው። ማንንም ከመክሰስ በፊት ጠባቂ ሄዶ ቦታውን ይይ።

ምስሉን መልሰው አያጋሩ፤ የቀበሮውን ጉድጓድ ለሌላው ማሳየት ይሆናል። ለለጠፈው ሰው በውስጥ መስመር፣ በትሕትና ይጻፉለት። በአደባባይ ከተዘለፈ እልህ ይጋባል።