ድምፃችሁ የት ገባ? የፓርቲ ዝርዝር ምርጫን በወረቀትና በእስክሪብቶ ማስላት

በ2002 ቱርክ ውስጥ አንድ ፓርቲ 34 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ550 መቀመጫዎች 363ቱን ወሰደ። (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. አድርጋችሁ አንብቡ።) ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮሮጆ ግልበጣን ነው። ለእንዲህ ዓይነት ውጤት ግን ኮሮጆ መገልበጥ አያስፈልግም፤ ሕጉ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ቁጥር ትበቃለች። ትንሽ ቆይተን እንመጣባታለን።

ብዙ ሰው የፓርቲ ዝርዝር ምርጫን የሚሸሸው "ሒሳብ አለው" ሲባል ስለሚሰማ ነው። ሒሳቡ ማካፈል ብቻ ነው። የሚያደናግረው እያንዳንዱ አገር ሕጉን በራሱ መንገድ ማወሳሰቡ ነው። ስለዚህ የየትኛውንም አገር ምርጫ ለመከታተል ከመቀመጣችሁ በፊት አራት ነገር ፈልጉ፦ አንድ የምርጫ ክልል ስንት መቀመጫ አለው፣ ፓርላማ ለመግባት ቢያንስ ስንት በመቶ ድምፅ ይጠየቃል፣ ዝርዝሩ ዝግ ነው ወይስ ክፍት፣ ድምፁ ወደ መቀመጫ የሚለወጠውስ በየትኛው ስሌት ነው? እነዚህን ከያዛችሁ ውጤቱን ከቴሌቪዥኑ እኩል ራሳችሁ ታሰሉታላችሁ።

መሠረቱን ቶሎ ልበለውና ልለፍ። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ያሸንፋል። በአንድ ድምፅም ቢበልጥ አለቀ፤ ለሌሎቹ የተሰጠው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። በዝርዝር ሥርዓት ግን አንዱ ክልል ብዙ መቀመጫ አለው። ፓርቲዎች የዕጩዎቻቸውን ስም ከ1 ጀምረው በቅደም ተከተል ያስመዘግባሉ፤ እናንተ ፓርቲውን ትመርጣላችሁ። ፓርቲው 30 በመቶ ድምፅ ካገኘ ከመቀመጫውም ወደዚያ የሚጠጋ ይደርሰዋል። 10 መቀመጫ ደረሰው እንበል፤ ከዝርዝሩ አናት ያሉት 10 ሰዎች ይገባሉ፣ 11ኛው በር ላይ ይቀራል። ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ ከገቡት አንዱ ከለቀቀ ወይም ከሞተ በብዙ አገሮች ድጋሚ ምርጫ ሳይደረግ የሚጠራው እሱ ነው።

መጀመሪያ የክልሉን መጠን እዩ

ሰው ሁሉ ስለ ስሌት ቀመር ይከራከራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ጋ ነው። እስራኤል 120 መቀመጫዋን፣ ኔዘርላንድስ ደግሞ 150 መቀመጫዋን የሚያከፋፍሉት አገሩን በሙሉ እንደ አንድ ክልል ቆጥረው ነው። በኔዘርላንድስ ከጠቅላላው ድምፅ 150ኛውን እጅ፣ ማለትም 0.67 በመቶ ያገኘ ፓርቲ አንድ ሰው ያስገባል። ለዚህም ነው ፓርላማቸው በትናንሽ ፓርቲዎች የተሞላው።

ወደ ስፔን ስትሄዱ ሌላ ዓለም ነው። እዚያም የዝርዝር ምርጫ ነው፤ ግን 350ው መቀመጫ በየአውራጃው ተበታትኗል። ሶሪያ የምትባለው አውራጃ (አገሯ ሶሪያ አይደለችም) ያላት 2 መቀመጫ ብቻ ነው። 2 መቀመጫ ለአራት ፓርቲ እንዴት ተመጣጥኖ ይከፈላል? አይከፈልም። ሁለቱ ትልልቆች ይወስዱታል፤ 15 በመቶ ያገኘው ሦስተኛ ፓርቲ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ "ተመጣጣኝ ውክልና" የሚለውን ስም ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ። ክልሉ ከአምስት ያነሰ መቀመጫ ካለው፣ በስም ተመጣጣኝ በተግባር ግን ለአብላጫ ድምፅ የቀረበ ነገር ነው።

ቀጥሎ የበሩን ከፍታ ለኩ

ብዙ አገሮች "ከዚህ በመቶኛ በታች ያገኘ ፓርቲ አይገባም" ይላሉ። ቱርክ ውስጥ ያቺ ቁጥር 10 በመቶ ነበረች። በ2002 ገደቡን ያለፉት ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ናቸው፤ በጥቂት የግል ዕጩዎች ከተወሰደው በቀር መቀመጫውን ለሁለት ተካፈሉት። ከመራጩ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነው ድምፁን የሰጠው ደጅ ለቀሩ ፓርቲዎች ነበር። 34 በመቶ ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ያህል መቀመጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ገደቡ ወደ 7 በመቶ የወረደው በ2022 ነው።

ጀርመን 5 በመቶ ትላለች። በ2025 ምርጫ ቤኤስቬ የተባለው አዲስ ፓርቲ 4.98 በመቶ አግኝቶ ውጪ ቀረ። 4.98! እስራኤል 3.25 በመቶ ትጠይቃለች፤ ስዊድን ደግሞ 4 በመቶ በአገር ደረጃ ወይም 12 በመቶ በአንድ የምርጫ ክልል።

ወጥመድ ያለበት የፖላንድ ሕግ ነው። ብቻውን ለሚወዳደር ፓርቲ 5 በመቶ፣ ተጣምረው ለሚወዳደሩ ግን 8 በመቶ። በ2015 የግራ ፓርቲዎች ተጣምረው ቀረቡና 7.5 በመቶ ገደማ አገኙ። እንደ አንድ ፓርቲ ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ በዚያው ድምፅ ይገቡ ነበር። እነሱ ሲቀሩ 37.6 በመቶ ያገኘው ፓርቲ ከ460 መቀመጫ 235ቱን ይዞ ብቻውን መንግሥት መሠረተ። እንግዲህ የገደቡን ቁጥር ስትፈልጉ ለጥምረት የተለየ ቁጥር እንዳለም አብራችሁ እዩ።

የምትደግፉት ፓርቲ ገደቡ አፋፍ ላይ ከሆነ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ "ድምፄ ከሚባክን ለሁለተኛ ምርጫዬ ልስጥ" ይላል፤ ሌላው ደግሞ ትልቁ አጋር ፓርቲ እንደሆነ ይገባል ብሎ ትንሹ እንዳይወድቅበት ድምፁን ለትንሹ ያውሳል። ሁለቱም ስሌት ነው፣ ነውር የለውም። ብቻ አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት አይታችሁ አትወስኑ፤ ገደቡ አካባቢ አንድ በመቶ ወደላይ ወደታች ማለት ከጥናቱ የስህተት ክልል ውስጥ ነው።

ዝርዝሩ ዝግ ነው ክፍት?

በዝግ ዝርዝር የስሞቹን ተራ የሚወስነው ፓርቲው ነው፤ እናንተ አትነኩትም። እስራኤል፣ ስፔንና ደቡብ አፍሪካ እንዲህ ናቸው። ዝግ ዝርዝር ያለበት አገር ሆኜ ብመርጥ የማደርገው አንድ ነገር ነው፦ የፓርቲውን መሪ ፎቶ ትቼ ዝርዝሩን እስከ ታች አነባለሁ። ፓርቲው ባለፈው 20 መቀመጫ አግኝቶ ከሆነ ከ1 እስከ 15 ያሉት ያለጭንቀት ይገባሉ። እውነተኛው ትግል ከ18 እስከ 23 ባሉት መካከል ነው፤ የእናንተ ድምፅ ሥራ የሚሠራው እነሱ ላይ ነው። 60ኛ ላይ የተቀመጠ ታዋቂ ዘፋኝ ወይም ስፖርተኛ ካያችሁ ለጌጥ ነው። ሴቶች የት እንደተቀመጡም በዚያው እዩ። አርጀንቲና በ1991 ከዕጩዎች 30 በመቶ ሴቶች ይሁኑ የሚል ሕግ ስታወጣ፣ ሊመረጡ በሚችሉበት ተራ ላይ ይቀመጡ የሚለውንም አብራ የጻፈችው ወደ ዝርዝሩ ጭራ እንዳይገፉ ነው።

በክፍት ዝርዝር ግን ሰውም ትመርጣላችሁ። የክፍትነቱ ልክ ይለያያል። በኔዘርላንድስ ከፓርቲው ዝርዝር አንድ ስም ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ታች ያለ ዕጩ የአንድ መቀመጫ ዋጋ (ጠቅላላው ድምፅ ለመቀመጫው ብዛት ሲካፈል የሚገኘው) ሩቡን በስሙ ካገኘ፣ ፓርቲው መቀመጫ እስካለው ድረስ ከላዮቹ ቀድሞ ይገባል። ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ የፓርቲ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የዕጩውን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ድምፁ መጀመሪያ ለፓርቲው ይቆጠርና ከፓርቲው ውስጥ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይቀድማል። ስዊዘርላንድ ከሁሉም ትብሳለች፦ ስም መሰረዝ፣ አንዱን ስም ሁለቴ መጻፍ፣ ከሌላ ፓርቲ ሰው መዋስ ሁሉ ይቻላል።

ክፍት ዝርዝር ደስ ይላል፤ ግን የራሱ ጉድ አለው። ብራዚል፣ 2002። ኤኔያስ ካርኔይሮ የተባለ ፖለቲከኛ በሳኦ ፓውሎ ብቻውን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኘ። ድምፁ የፓርቲው ስለሆነና ለብዙ መቀመጫ ስለሚበቃ አምስት የፓርቲው ሰዎች ታዝለው ገቡ፤ አንደኛው በስሙ ያገኘው ከ300 ያነሰ ድምፅ ነበር። በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ዕጩው ራሱ የአንድ መቀመጫ ዋጋ 10 በመቶ እንዲያገኝ ተጠየቀ። ልብ በሉ፦ በክፍት ዝርዝር ለምትወዱት ሰው የሰጣችሁት ድምፅ የማትወዱትን የፓርቲ ጓደኛውንም ያስገባል።

አሁን ወረቀት አውጡ

8 መቀመጫ ያለው ክልል እናስብ፤ 100,000 ድምፅ፣ አራት ፓርቲ። ሀ 47,000፣ ለ 28,000፣ ሐ 16,000፣ መ 9,000 አገኙ። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የዲሆንት ስሌት ነው፤ ቪክቶር ዲሆንት የቤልጅየም የሕግ ሰው ነበር፣ አገሩም በ1899 የዝርዝር ምርጫን ለፓርላማዋ በማዋል ቀዳሚ ሆነች። አሠራሩ ይኸው፦ የእያንዳንዱን ፓርቲ ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እያላችሁ አካፍሉ።

ሀ፦ 47,000፤ 23,500፤ 15,667፤ 11,750፤ 9,400፤ 7,833
ለ፦ 28,000፤ 14,000፤ 9,333፤ 7,000
ሐ፦ 16,000፤ 8,000
መ፦ 9,000፤ 4,500

ከነዚህ ሁሉ ትልልቆቹን 8 ቁጥሮች ክበቡ። ሀ አምስት፣ ለ ሁለት፣ ሐ አንድ፣ መ ዜሮ። 47 በመቶ ድምፅ 62.5 በመቶ መቀመጫ ሆነ። ዲሆንት ትልቁን እንደሚያደላ አሁን በእጃችሁ አያችሁት።

8ኛዋን መቀመጫ ደግሞ እዩልኝ። ሀ በ9,400 ወሰዳት፤ ለ በ9,333 ተከትሎታል። ለ 201 ድምፅ ቢጨመርለት ኖሮ መቀመጫዋ የእሱ ነበረች። ይህን ያሳየሁት ለጌጥ አይደለም። በምርጫ ሌሊት "አንዲት መቀመጫ ከዚህ ወደዚያ ዞረች" ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲህ ለጥቂት ያመለጠች የመጨረሻ መቀመጫ ናት። ዘግይቶ የሚቆጠር የፖስታ ድምፅ ካለ ደግሞ እስከሚያልቅ አትጨፍሩ።

አሁን ያንኑ ድምፅ በሌላ አካፋይ ሞክሩት፦ ለ1፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7። ይህ ሳንት-ላጉ ይባላል፣ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ስም። ሀ 47,000፣ 15,667፣ 9,400፣ 6,714 ይሆናል፤ ለ 28,000 እና 9,333፤ ሐ 16,000፤ መ 9,000። ስምንቱ እነዚህ ናቸው። ሀ አራት፣ ለ ሁለት፣ ሐ አንድ፣ መ አንድ። አንድም መራጭ ሐሳቡን ሳይቀይር ሀ ብቻውን የመግዛት አብላጫውን አጣ፤ መ ፓርላማ ገባ። ጀርመን በዚህ ነው የምትሠራው። ስዊድንና ኖርዌይም ይጠቀሙበታል፤ የመጀመሪያውን አካፋይ ግን ከ1 ትንሽ ከፍ አድርገው ለትናንሾቹ መግቢያውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

ሦስተኛው መንገድ ኮታ ነው። 100,000ን ለ8 አካፍሉ፤ የአንድ መቀመጫ ዋጋ 12,500 ድምፅ ነው። ሀ ሦስት ገዝቶ 9,500 ይተርፈዋል፤ ለ ሁለት ገዝቶ 3,000፤ ሐ አንድ ገዝቶ 3,500፤ መ ምንም ሳይገዛ 9,000 ይዞ ይቆማል። የቀሩት ሁለት መቀመጫዎች ትልቅ ትርፍ ላላቸው ለሀ እና ለመ ይሰጣሉ። እዚህም 4፣ 2፣ 1፣ 1 ሆነ።

ሁለት ወረቀት ከተሰጣችሁ

አንዳንድ አገሮች ሁለቱን ሥርዓት ቀላቅለዋል። እዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሁለቱ ድምፆች ይተሳሰራሉ ወይ? በጀርመን ይተሳሰራሉ። የመጀመሪያው ድምፅ ለአካባቢ ዕጩ፣ ሁለተኛው ለፓርቲ ዝርዝር ሲሆን የፓርላማውን ቅርፅ የሚወስነው ሁለተኛው ነው። "ሁለተኛ" ስለተባለ አነስተኛ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። በጃፓን ታችኛው ምክር ቤት ግን አይተሳሰሩም፤ 289 መቀመጫ በአብላጫ ድምፅ፣ 176 በዝርዝር፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ተቆጥረው ይደመራሉ። ስለዚህ በአካባቢ ምርጫ የጠራረገ ፓርቲ ትርፉን የሚያስተካክልበት የለም።

አንድ የቀረችኝ ነገር ባዶ ወረቀት ናት። "ማንንም አልፈልግም" ለማለት ባዶ ወረቀት ልትከቱ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ሕጉን እዩ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ባዶው ድምፅ ከስሌቱ ውጪ ነው፣ ማንንም አይነካም። ስፔን ውስጥ ግን እንደ ዋጋ ያለው ድምፅ ተቆጥሮ የ3 በመቶው ገደብ የሚሰላበት ጠቅላላ ቁጥር ላይ ይደመራል። ጠቅላላው ሲያድግ 3 በመቶውም ያድጋል፤ በሩ ከፍ የሚልባቸው ደግሞ ገደቡ ላይ የሚንጠላጠሉት ትናንሾቹ ፓርቲዎች ናቸው፣ ትልልቆቹ አይደሉም።