«ወፍ የለም!» የጓሮ ወፍ ማየት ለጀመሩ ችግርና መፍትሄ

በቀደም አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ውሃ አስቀመጥኩ፣ ማሽላ በተንኩ፣ ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩ። ወፍ የለም!» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ደግሞ ምን አጣህ?» እለው ነበር። ይሄኛው ግን በቁሙ ነው።

እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ከበረንዳዬ ሆኜ ጓሮዬን መጠበቅ ስጀምር እንዲሁ ነበርኩ። አሁን ሳስበው አብዛኛው ጥፋት የኔው የዕቃ አቀማመጥ ነበር።

ምንም አይመጣም

ጓደኛዬን መጀመሪያ የጠየቅኩት ሳህኑ የት እንዳለ ነው። የግቢው መሃል፣ ሲሚንቶው ላይ። በቃ፣ እሱ ነው ምክንያቱ። ትንሽ ወፍ ከመብላቷ በፊት የምታስበው እንዳትበላ ነው። ከላይ ጭልፊት ያንዣብባል፣ ከታች ድመት ታደባለች። ሮጣ የምትገባበት ቁጥቋጦ በቅርብ ካላየች አትወርድም። ቁጥቋጦው ሳህኑ ላይ ከተደፋ ደግሞ ድመቷ እዚያው ተደብቃ ትጠብቃታለች። ስለዚህ ሳህኑን ከቁጥቋጦው ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ አድርጉት። ከመሬት ከፍ ቢል ደግሞ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ጥልቀቱ ነው። ጓደኛዬ ውሃውን ያስቀመጠው በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር! ወፍ ሳፋ ውስጥ ትሰምጣለች እንጂ አትታጠብም። ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚደረገው ዝርግ ሳህን ይበቃል። ውሃው ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር፣ መሃሉ ላይ እንዳትንሸራተት አንድ ሻካራ ድንጋይ። የወባ ትንኝ እንዳይራባበት ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ድፉት። በበጋ ከእህል ይልቅ ወፍ የሚጠራው ውሃ ነው።

ሦስተኛው ትዕግስት ነው። እኔ ጋ መጀመሪያ የመጣችው ዋኖስ ነበረች፣ በዘጠነኛው ቀን። አጥሩ ላይ ሆና ሩብ ሰዓት ያህል አየች። ወረደች፣ ሳህኑን ዞረችው፣ መንቁሯን ነከረችና ቀና ሳትል ጠጣች። ዋኖስና ርግብ እንዲህ ነው የሚጠጡት። ሌሎቹ አብዛኞቹ እንደ ዶሮ ጎንጨት ብለው ቀና ይላሉ። እሷን ያዩ ደግሞ በነጋታው ተከተሉ።

ቁራና ርግብ ብቻ ነው የሚመጣው

ከምሳ የተረፈ እንጀራ መሬት ላይ እየበተናችሁ ነው፣ አይደል? እሱ የቁራ ድግስ ነው። አቁሙት። ትንንሽ እህል፣ በትንሽ መጠን፣ ትልቅ ወፍ በማይቆምበት ጠባብ ማንጠልጠያ ላይ አድርጉ። እኔ የምጠቀመው ኑግ ነው። አሮጌ ኑግ ግን ዘይቱ ይደርቅና ማንም አይነካውም፤ ከገበያ ሲገዛ ትኩስነቱ ይታይ።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ያላችሁ፣ የወፍ ምግብ መደርደሪያው ላይ «ናይጀር» ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ፍሬ የኛው ኑግ ነው። አብሮት የአረም ዘር እንዳይገባ ወደ አሜሪካ ሲላክ በሙቀት ይታከማል።

የመኪናዬን ስፖኪዮ እየጠቀጠቀ አስቸገረኝ

ይሄ እኔኑ ሁለት ሳምንት አስቸግሮኛል። ጎረቤቴ እትዬ «ተዋት ልጄ፣ ቁንጅናዋን እያየች ነው» ብለው ሳቁ። ወፉ ግን ወንድ ነበር፤ የአበባ ማር ከሚመጥጡት፣ መንቁራቸው እንደ ወስፌ ቀጥኖ ከጎበጠው ወገን። በፈረንጅ ስሙ በተከዜ ወንዝ የሚጠራው ነው። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያበራል።

እሱ መስታወቱ ውስጥ የሚያየው ግዛቱን ሊቀማው የመጣ ሌላ ወንድ ነው። ይጠቀጥቀዋል፣ ያኛውም ይጠቀጥቃል። ዞሮ ይመጣል፣ ያኛውም ቆሞ ይጠብቀዋል። ማን ይሸነፋል? እየደከመ የሚሄደው እሱ ብቻ ነው።

መፍትሄው መኪናው ሲቆም ስፖኪዮው ላይ ፌስታል ወይም አሮጌ ካልሲ ማጥለቅ ነው። የመራቢያ ወቅቱ ሲያልፍ ይተወዋል። ነገሩ የቤት መስኮት ላይ ከሆነ የሚሸፈነው ከውጭ በኩል ነው። ከውስጥ መጋረጃ መዝጋት ምንም አይፈይድም፤ እንዲያውም ነጸብራቁን ሊያጎላው ይችላል።

መስታወት ላይ ተጋጭታ ወደቀች

ይሄኛው ጠብ አይደለም። መስታወቱ ላይ ያየችው ሰማይና ዛፍ እውነት መስሏት ነው። አንስታችሁ ቀዳዳ ያለው የካርቶን ሳጥን ውስጥ አድርጉና ጨለማና ፀጥታ ያለበት ቦታ አስቀምጡ። ውሃ በአፏ አትጨምሩ፣ ሊያንቃት ይችላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳጥኑን ደጅ አውጥታችሁ ክፈቱት። እንዳይደገም መስታወቱን ከውጭ በነጠብጣብ ምልክት ሙሉት፤ በነጥቦቹ መካከል 5 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። አንድ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍ አይሠራም። ሞክሬዋለሁ።

ያ የሚያምረው ወፍ ጠፋ

ምናልባት ልብሱን ቀይሮ ፊታችሁ ቆሟል። ክረምት ላይ ከሰውነቱ የሚረዝም ጥቁር ጅራት እያውለበለበ የሚበርር፣ መንቁሩ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ አለ። የመራቢያ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ጅራቱን አራግፎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ከጠፋው ቀለም ይልቅ ያልተለወጠውን እዩ፤ የመንቁሩን ቅርጽ፣ አበላሉን።

ጅራቷን እየነቀነቀች ሣር ላይ የምትራመደው ሆደ ቢጫዋ ግን በእርግጥም ሄዳለች። ከመስከረም በኋላ መጥታ ሚያዝያ ገደማ ወደ አውሮፓና እስያ ትመለሳለች።

ላባዋን ነፍታ ተኮራምታለች

በሽታ ሊሆን ይችላል። እህሉን ለሁለት ሳምንት አንሱት። ዕቃውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

ሣሬን ይቆፍራሉ፣ የኮክ ፍሬዬን ይጨርሳሉ

ሣሩን የሚወጋው ያ ጎህ ሲቀድ እየጮኸ የሚቀሰቅሰን መንቁረ ቆልማማ ወፍ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። የሚፈልገው ትልና የጥንዚዛ እጭ ስለሆነ ሣሩን እየጠቀመ ነው። ተዉት።

ኮኩን የሚበሉት ጅራተ ረጅም ቡናማዎቹ ናቸው፤ በቡድን መጥተው ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ ይርመሰመሳሉ። ልል መረብ አታልብሱ፣ እግራቸው ይተበተባል። እኔ ታች ያለውን ፍሬ ከመብሰሉ በፊት በወረቀት ከረጢት አስረዋለሁ። ላይኛው የነሱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቡናዬን ይዤ ስወጣ፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥለው አገኛቸዋለሁ። የበሉትን ቅጠልና ፍሬ በሙቀቱ እየፈጩ ነው።